ስድስት ሳምንት የሆነው የእናቴ ቁስል አልጠግግ አለ፤ ጥፋተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው?

ቀጨኔ77 — መጋቢት 14

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ የአልጋው ብረት ቅልጥሟን ገሸለጣት። ደም ብዙም አልፈሰሳትም፤ ቆዳው ግን እንደ ራሰ ወረቀት ተልጦ ተጠቀለለ። ይኸው ስድስት ሳምንት ሆነው። አይሰፋም፣ አይጠብም። መግል የለውም፣ አይሸትም፣ አያተኩስም፤ ዝም ብሎ ተከፍቶ ያየናል።

ለመገጣጠሚያ ሕመሟ በቀን 10 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን መውሰድ ከጀመረች አራት ዓመት አልፏል። ሐኪሟ ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው ብሎናል። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ለዚሁ ሕመም ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት አለ። ስኳር የለባትም፤ ሁለት ጊዜ ተመርምራለች። አንድ ክሊኒክ የደም ምርመራ አድርጎ «ነጭ የደም ሕዋሷ ጨምሯል፤ ኢንፌክሽን ነው» በማለት ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ሰጣት። ለውጥ የለም። ትናንት አንድ ዘመዳችን መጥቶ «ቁስሉን የያዘው ያ ፕሬድኒሶሎን ነው፤ አስጥሏት» አለን። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ላስቆማት አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

የጎንደሯ ነርስ — መጋቢት 14

ወንድሜ፣ ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይህን አንብብ፤ ክኒኑን በድንገት አታስቁም። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች በተፈጥሮ የዚህን መድኃኒት ዘመድ ያመርታሉ። አራት ዓመት ሙሉ ከውጭ ሲገባላቸው ሥራቸውን ትተው ተኝተዋል። በአንድ ሌሊት ብታቋርጠው አይነቁም። የእናትህ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ያስመልሳቸዋል፣ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ፤ ለሞትም ያደርሳል። መጠኑ መቀነስ ካለበት የሚቀንሰው ሐኪማቸው ነው፣ እሱም ቀስ በቀስ።

ዘመድህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ወደዚያ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ጥቂት ልጠይቅህ፤ ቁስሉን በምን ታጥባላችሁ? ምን ትቀቡበታላችሁ? እግራቸው ያብጣል? የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደዋል? ሁዳዴን እየጾሙ ነው?

ቀጨኔ77 — መጋቢት 14

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላስቆምም። የምናጥበው ጠዋትና ማታ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ አረፋ ሲያወጣ ንጹሕ የሆነ ይመስለናል። ከዚያ የአምፒሲሊን ካፕሱል ከፍተን እንበትንበታለን። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ታስመታዋለች። እግሯ ወደ ማታ ያብጣል። ክትባቱን ወስዳለች። ጾሙን ካላችሁ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ አትቀምስም፤ ንግግር የለም።

ጡረተኛው ድሬሰር — መጋቢት 15

ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት ቁስል አጥቤያለሁ። ሥራውን የለመድኩት ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ ነው። ቁስል የሚድነው ሲደርቅ ነው። ፀሐዩን ቀጥሉበት፤ ጂቪ (ወይን ጠጁን የቁስል ቀለም) ቀቡት፣ ቅርፊት ይያዝ። የዛሬ ልጆች ቁስልን በፕላስቲክ አፍነው ያበሰብሱታል።

ላብራቶሪ ጥግ — መጋቢት 15

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለ መድረቁ አልስማማም። እሱን ግን በኋላ። የምማረው የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ስለሆነ፣ ይህ ቁስል ለምን ዝም ብሎ እንደሚያየን የሚመስለኝን ልጻፍ። ረዘም ይላል።

ቆዳ ሲቀደድ መጀመሪያ የሚደርሱት ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ናቸው። ፍሳሹን ይደፍኑና የጥሪ ኬሚካል ይረጫሉ። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ። እነዚህን የአዲስ አበባ ሰው በቀላሉ ያውቃቸዋል፤ አፍራሽ ግብረ ኃይል ናቸው። ባክቴሪያውንም የሞተውንም ሥጋ ያፈርሳሉ፣ አንዳንድ ጊዜ ደህናውን ግድግዳ ጨምረው። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ማክሮፌጅ ይመጣል። ስሙ ከግሪክ ቢተረጎም «ትልቁ በላተኛ» ማለት ነው። ሩሲያዊው ኢሊያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን መሲና ከተማ፣ እንደ መስተዋት ብርሃን በሚያሳልፍ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ እሾህ ሰክቶ አደረ። በማግስቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበው አገኛቸው። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1908 ኖቤልን ከጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ጋር ተካፈለ። እኔ እስከ ዛሬ የምገረመው ግን በመብላቱ ሳይሆን ከበላ በኋላ ጠባዩ በመለወጡ ነው። ማክሮፌጅ የሞቱትን ኒውትሮፊሎች ሲውጥ የቁጣ ኬሚካሉን ያቆምና የግንባታ ትእዛዝ መስጠት ይጀምራል፤ «የደም ሥር ይዘርጋ፣ ኮላጅን (ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን) ይሠራ» ይላል። አፍራሾቹን አሰናብቶ ግንበኞቹን የሚያስገባ ፎርማን ሆነ ማለት ነው። ግንበኞቹ ፋይብሮብላስት ይባላሉ።

ፎርማኑ ባይመጣስ? እ.ኤ.አ. በ1975 ሊቦቪች እና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ጊኒ ፒግ በሚባሉት የቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ይህን ሞከሩ። ማክሮፌጅን በሁለት መንገድ አጠፉት፤ ሥጋ ውስጥ ያለውን ማክሮፌጅን በሚያጠቃ ፀረ ሴረም፣ ከደም የሚመጣውን በሃይድሮኮርቲዞን። ፍርስራሹ ሳይነሳ ከረመ፤ ግንበኞቹም ዘግይተው መጡ። ከዚያ በፊት ኒውትሮፊል ብቻ በጠፋበት ሌላ ሙከራ ንጹሕ ቁስል በደህና ድኖ ነበር። አፍራሽ ቢቀር ሥራው ይሄዳል፣ ፎርማን ሲቀር ግን ይቆማል።

አሁን ሃይድሮኮርቲዞን የማን ዘመድ እንደሆነ ገምቱ። የፕሬድኒሶሎን ነው። መድኃኒቱ ሕዋሳቱ የሚጠራሩበትን ኬሚካል ያፍናል። የቀጨኔ77 እናት መገጣጠሚያ ያልተቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅልጥማቸው ላይ ያለው ቁስል ሠራተኛ ያጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆዳቸው እንደ ወረቀት የሳሳውም ለዓመታት ኮላጅኑ ስለቀነሰ ነው።

የደም ምርመራውም ግራ አጋብቷችኋል። ኒውትሮፊሎች በተለመደው ጊዜ ብዙዎቹ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይጠብቃሉ። ፕሬድኒሶሎን ከግድግዳው ያላቅቃቸውና ደሙ ውስጥ ይንሳፈፋሉ፤ ወደ ቁስሉ ግን አይሻገሩም። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ቁጥራቸው ይበዛል፣ ቁስሉ ላይ ያንሳሉ። ቁጥሩ ብቻውን የኢንፌክሽን ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው ደግሞ አለመቅላቱና አለማተኮሱ አያዘናጋችሁ፤ መድኃኒቱ እውነተኛ ኢንፌክሽንንም ይሸፍናል። በድንገት ቢያሳምማቸው፣ ቢሸት ወይም ቢሰፋ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት።

መድኃኒት ቀማሚዋ — መጋቢት 15

ከላይ ባለው ላይ የመድኃኒት መደርደሪያዬን ልጨምር።

ፐርኦክሳይዱን ዛሬውኑ ጣሉት። የሚገርመው ሰውነት ራሱ ይህንኑ ነገር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዜብራ ዓሣ እጭ ላይ እንደታየው፣ የተቆረጠው ጠርዝ እጅግ ጥቂት ፐርኦክሳይድ አመንጭቶ ነጭ ሕዋሳትን ይጠራበታል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው 3 በመቶ ግን ጥሪ አይደለም፤ የተጠሩትን የሚያቃጥል ጎርፍ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት! አዲስ ቆዳ ለማብቀል የሚሞክሩትን ሕዋሳት ጠዋት ጠዋት እየገደላችሁ ማታ ትደግሟቸዋላችሁ። ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ይበቃል፤ ከሌለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውኃ።

የአምፒሲሊን ዱቄቱም እንዲሁ። ካፕሱል ለመዋጥ የተሠራ ነው። ቁስል ላይ ሲበተን ይጋግራል፣ አለርጂ ያስነሣል፣ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያም ያሳድጋል። ስንቱን ሰው በዚህ እንደተከራከርኩ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሰዉ ሲበትን ያደገ ስለሆነ አይሰማም።

ሜቶትሬክሴቱን አትወንጅሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ በሚሰጠው አነስተኛ መጠን ቁስልን ያን ያህል አያዘገይም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ የሚቀየርላቸው ሰዎች እንኳ ሳያቋርጡ እንዲወስዱት ይመክራል። ብቻ ሁልጊዜ በሳምንት አንድ ቀን መሆኑን አረጋግጡ፤ በስሕተት በየቀኑ ወስደው የሞቱ አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርሊክ እና ሀንት (ይህ ኤርሊክ የኖቤሉ አይደለም) ኮርቲዞን (ይህም የፕሬድኒሶሎን ዘመድ ነው) ያዘገየውን ቁስል ቪታሚን ኤ መልሶ እንደሚያነሣው በእንስሳት አሳይተዋል። የተዘጋውን ብግነት፣ ማለትም የቁስሉን መቆጣት፣ በጥቂቱ ይከፍታል ማለት ይቻላል። እስከ ዛሬ አንዳንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው ለአጭር ጊዜ ያዙታል። እናንተ ግን ሱቅ ሄዳችሁ አትግዙ። ሲበዛ ጉበት ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ለሐኪማቸው አንሡለት፤ እሱ ይወስን።

ሸገር ታዛቢ — መጋቢት 16

ዓሣ፣ ጊኒ ፒግ፣ የኮከብ ዓሣ። ሰውየው የጠየቀው ስለ እናቱ ነው።

የጎንደሯ ነርስ — መጋቢት 16

ትክክል ነህ ታዛቢ፤ ስለዚህ ወደ እናቱ። ወደ ማታ የሚያብጥ እግር ላይ ያለ ቁስል ምንም ቢቀባ አይድንም፤ ውኃ ባቆረ መሬት ላይ ስሚንቶ እንደማፍሰስ ነው። የእግራቸው የደም ሥር ምት በደንብ መኖሩን ባለሙያ ይመርምር። ምቱ ደህና ከሆነ ከጣት ሥር እስከ ጉልበት በላስቲክ ፋሻ ይጠቅልሉላቸው። ምቱ ደካማ ከሆነ ግን ያው ፋሻ እግሩን ሊገድለው ስለሚችል በራስህ እጅ እንዳትሞክረው። ሲቀመጡ እግራቸው ከፍ ይበል።

ምግብ ደግሞ አለ። ኮላጅን ከፕሮቲን ነው የሚሠራው። የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ አላት። እናትህ እሺ ባይሉ እንኳ በሰዓቱ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ በዛ አድርጋችሁ ስጧቸው።

ጡረተኛው ድሬሰር — መጋቢት 16

ሁላችሁም ተባብራችሁ መጣችሁብኝ። ስለ ፐርኦክሳይዱ እሺ፤ እኔም ለንጹሕ ቁስል አልወደውም ነበር። ስለ መድረቁ ግን ማስረጃ አምጡ።

ላብራቶሪ ጥግ — መጋቢት 17

ጋሼ፣ ማስረጃው እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1962 ጆርጅ ዊንተር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በአሳማዎች ጀርባ ላይ እኩል ቁስሎችን አወጣ። ግማሹን ለአየር ተወው፣ ግማሹን በስስ ፕላስቲክ ሸፈነው። የተሸፈነው ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ቆዳ ለበሰ። የቆዳ ሕዋሳት ከጠርዝ ተነሥተው በርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታሉ፤ ቅርፊት ሲጋረጥባቸው ከሥሩ ቆፍረው ማለፍ አለባቸው። ማክሮፌጅም የሚሠራው እርጥበት ውስጥ ነው። የሚያበሰብሰው እርጥበት የሚጨቀየውና የማይቀየረው ነው፤ እዚያ ላይ እርስዎ ልክ ነዎት።

ጡረተኛው ድሬሰር — መጋቢት 17

አሳማው አሳመነኝ። በቫዝሊን የራሰ ጎዝ እኛም ለቃጠሎ እንጠቀም ነበር፤ ለሌላው ለምን እንዳልተጠቀምን እንጃ።

እኔም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች አንዳንዴ ሰውነታቸው ተቆጥቶ እብጠቱ፣ ትኩሳቱና የነርቭ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይነሣባቸዋል። ያን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ለወራት እንሰጣለን። ነርቫቸውን ያድናል፤ ያለ እሱ እጅና እግራቸው ይደነዝዛል። ግን የእግር መዳፍ ቁስል ያለበት ሰው ከሆነ መድኃኒቱ በገባ በሳምንታት ውስጥ ቁስሉ እንደ ተኛ ሕፃን ዝም ይላል። መልኩ ገርጣ፣ ቀይ ሥጋ የማያበቅል። እኛ «ቁስሉ ሰነፈ» እንለው ነበር። ለምን እንደሚሰንፍ ዛሬ ነው የገባኝ፤ ፎርማኑ ተከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ ያዳናቸው ቅባት አይደለም። እግሩን በጀሶ ጠቅልለን ክብደቱን እናነሣለት ነበር።

ላብራቶሪ ጥግ — መጋቢት 17

ጋሼ፣ ያ ጀሶ እኮ ዓለምን ዞሯል! ሐኪሙ ፖል ብራንድ በሕንድ ቬሎር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሠራበት የነበረውን ይዞ አሜሪካ፣ ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ገባ። ዛሬ ለስኳር ሕሙማን የእግር ቁስል ከሁሉ የተሻለ ከሚባሉት ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል።

የፒያሳ ስኳርተኛ — መጋቢት 18

ስኳር ሲባል ሰማሁና ገባሁ። እኔ ስቴሮይድ አልወስድም። የእኔ ቁስል ለምን ይዘገያል?

ላብራቶሪ ጥግ — መጋቢት 18

በተገላቢጦሹ ነው። የቀጨኔ77 እናት ዘንድ ፎርማኑ አልመጣም፤ አንተ ዘንድ መጥቶ ጠባዩን አልለወጠም። ስኳር በበዛበት ደም ማክሮፌጅ በቁጣው ላይ ይቀራል፣ አፍራሾቹም አይሰናበቱም። ኒውትሮፊሎች የራሳቸውን ዲኤንኤ እንደ መረብ እየረጩ ጠርዙን ያበላሻሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በአይጥ ይህ መረብ ሲከለከል ቁስሉ ቶሎ ተዘግቷል። በዚያ ላይ ነርቭህ ከደነዘዘ ጫማው ሲልጥህ አይሰማህም። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ቤካፕለርሚን የሚባል ጄል ተፈቅዷል። የፕሌትሌትን ጥሪ በሰው እጅ ሠርቶ ቁስል ላይ መቀባት ነው፤ ውድ ነው፣ ተአምርም አልሠራም። ስኳርህን ማስተካከልና ክብደቱን ከቁስሉ ላይ ማንሣት ይቀድማሉ።

ኩላሊት ተቀባዩ — መጋቢት 19

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ኩላሊት ተቀይሮልኛል፤ መድኃኒቴ ሲሮሊመስ ነበር። ባለፈው ዓመት የቡአ ቀዶ ሕክምና ሊደረግልኝ ሲል ሐኪሜ ከሳምንታት በፊት ወደ ታክሮሊመስ ቀየረኝ። «ሲሮሊመስ ሕዋስ እንዳይባዛና አዲስ የደም ሥር እንዳይበቅል ይከለክላል፤ ስፌቱ ይከፈትብሃል» አለኝ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ወደ ድሮው መለሰኝ። ሁለቱም መከላከያን የሚያዳክሙ ናቸው፤ ለቁስል ግን እኩል አይደሉም። ስለዚህ ቀጨኔ77፣ ለሐኪሙ «አቁምልን» ብቻ ሳይሆን «በሌላ መተካት ይቻላል ወይ?» ብለህ ጠይቀው።

ሙሽሪት — መጋቢት 19

እኔ ግን ግራ ገባኝ። ጆሮዬን የተበሳሁበት ቦታ አብጦ እንደ ባቄላ ሆነ፤ የቆዳ ሐኪሟ ኬሎይድ ነው ብላ ስቴሮይድ ትወጋኛለች። እናንተ ቁስልን ይጎዳል ትላላችሁ፣ ለእኔ ደግሞ መድኃኒት ሆነ?

መድኃኒት ቀማሚዋ — መጋቢት 20

እኅቴ፣ ያንቺ ቁስል ከዳነ ቆይቷል፤ ግንበኞቹ ናቸው አልሄድ ያሉት። ቤቱ ካለቀ በኋላ ፎቅ ላይ ፎቅ እየጨመሩ ነው። ትሪያምሲኖሎን የሚባለው ስቴሮይድ ሲወጋ ኮላጅኑን ይቀንሳል፣ ጠባሳውን ያሟሽሸዋል። የቀጨኔ77ን እናት ቆዳ ያሳሳው ጉዳት ላንቺ ጥቅም ሆነ። በሳምንታት ልዩነት ስለሚደገም ታገሺ፤ ቦታው ትንሽ ቢነጣ አትደንግጪ። ሳይወጋ በቢላዋ ብቻ ከተቆረጠ ግን ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ብሶ ይመለሳል። ደረትሽንም፣ ትከሻሽንም አትበሺ፣ አትነቀሺ።

ከተነሣ አይቀር፣ ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ያለበትን የፊት ማንጫ ለወራት የምትቀቡ ሰዎች፣ የቀጨኔ77 እናት ቅልጥም ላይ የሆነውን ፊታችሁ ላይ እየሠራችሁት ነው። ይኸው ተናገርኩ።

ሸገር ታዛቢ — መጋቢት 20

አንድ ጥያቄ ለላብራቶሪ ጥግ፣ ለመናቆር አይደለም። የጠባሳው ምንጭ እነዚሁ ሕዋሳት ከሆኑ፣ ባይመጡ አይሻልም?

ላብራቶሪ ጥግ — መጋቢት 21

ይህ ጥያቄ ገና ብዙ ቤተ ሙከራ ያሠራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ማክሮፌጅም የሚሠራ ኒውትሮፊልም ሳይኖራቸው በተወለዱ አይጦች ላይ ቁስል ሲወጣ፣ ቁስሉ በጊዜው ዳነ፤ ጠባሳም አልነበረውም። ግን ገና የተወለዱ ግልገሎች ነበሩ፣ ቁስሉም ትንሽና ንጹሕ። በአዋቂ አይጦች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ሥራ ማክሮፌጅን በተለያየ ቀን አጠፉት። በመጀመሪያ ሲጠፋ መዳኑ ዘገየ፣ ጠባሳውም አነሰ። መሐል ላይ ሲጠፋ ቁስሉ ደማ፣ አልዘጋም አለ። መጨረሻ ላይ ሲጠፋ ያመጣው ለውጥ አልነበረም። ሁሉም የቀን ጉዳይ ነው። ፕሬድኒሶሎንም ቢሆን ብዙ የሚጎዳው ቁስሉ ከመውጣቱ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲኖር ነው።

ቀጨኔ77 — ግንቦት 20

ጠፋሁባችሁ፤ ይቅርታ።

የሩማቶሎጂ ሐኪሟን አገኘነው። ጽሑፋችሁን አትሜ ይዤለት ሄጄ ነበር፤ ስለ ነጭ የደም ሕዋሱ የሚለውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሳቀ። ፕሬድኒሶሎኑን በየሁለት ሳምንቱ በጥቂቱ እየቀነሰ አሁን 5 ሚሊግራም አድርሶታል፤ ሜቶትሬክሴቱን አልነካውም። መገጣጠሚያዋ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያስቸግራታል። ቪታሚን ኤውን ለአሥር ቀን አዘዘላት። የእግሯ ምት ደህና ስለሆነ አንዲት ነርስ በሳምንት ሁለት ጊዜ በላስቲክ ፋሻ ትጠቀልልላታለች። ከሥሩ የቫዝሊን ጎዝ አለ። ፐርኦክሳይዱ አበባው ሥር ተደፋ።

ጾሙ ላይ ተሸነፍኩ። የንስሐ አባቷ ፈቅደውላት ነበር፤ እሷ ግን «እግሬ ነው የታመመው፣ ሆዴ አይደለም» ብላ ጾመች። ምስሩን ግን በላችልኝ። ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ በቀን ሁለት እንቁላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም አልነበረም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ጠርዙ ቀላ፣ ትንሽም አሳከካት። ደንግጬ ነርሷን ስደውል «እሰይ፣ መጡ» አለችኝ። ጋሼ ድሬሰር፣ ያ የገረጣ ሥጋ ቀይ ሆነ። በክር ስለካው መጋቢት ላይ የአውራ ጣቴን ያህል ርዝመት ነበረው፤ ዛሬ ከጥፍሬ ያንሳል።

የአልጋውን ብረት በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ጡረተኛው ድሬሰር — ግንቦት 20

አሳከካት ስትል ነው ደስ ያለኝ። ጥፍሯን ቁረጡላት፤ በሌሊት እንዳታከው።